ሮድስ፣ ኮስ ወይስ ፍጥሞ? በዶዴካኔዝ ደሴቶች ማደሪያ ለመምረጥ

ወደ ዶዴካኔዝ ደሴቶች ለመሄድ ያሰበ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው «በአንድ ሳምንት ስንት ደሴት ማዳረስ ይቻላል?» ብሎ ነው። እኔ ደግሞ «የት ልታድሩ አስባችኋል?» ብዬ እመልሳለሁ። እዚህ አካባቢ ማደሪያውን አስቦ የመረጠ ሰው ሌሎቹን ደሴቶች በደርሶ መልስ ጀልባ ያያቸዋል። በየሁለት ቀኑ ደሴት የሚቀይር ግን ዕረፍቱ ሻንጣ በማሰርና በመፍታት ያልቅበታል።

ዶዴካኔዝ በግሪክ ደቡብ ምሥራቅ ጥግ፣ ቱርክ አፍንጫ ሥር ያለ የደሴቶች ስብስብ ነው። ሳንቶሪኒና ሚኮኖስ እዚህ ውስጥ የሉም፤ እነሱ ሳይክላዲስ ከሚባለው ከሌላው ስብስብ ናቸው። ኢንስታግራም ላይ የምናየው ነጭ ቤትና ሰማያዊ ጉልላት ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ የምትሉ ወደዚያው ሂዱ፣ አልቃወምም። እኔ ዶዴካኔዝን የምመርጠው ሌላ ነገር ስላለው ነው። ረጅም የአሸዋ ዳርቻ አለ። ዛሬም ሰው የሚኖርበት የመካከለኛው ዘመን ከተማ አለ። ዮሐንስ ራእዩን ያየባት ፍጥሞ አለች። ጣልያን ትቶት የሄደው፣ ከእኛም ታሪክ ጋር የሚነካካ አሻራ አለ።

ቀድማችሁ የጀልባውን መስመር እዩ

ካርታ ላይ ዋናው መስመር ቀላል ነው። ታች ሮድስ፣ ቀጥሎ ሲሚ፣ ከፍ ሲል ኮስ፣ ከዚያ ካሊምኖስ፣ ሌሮስ፣ ሊፕሲ፣ ጫፍ ላይ ፍጥሞ። ካታማራን የሚባሉት ፈጣን ጀልባዎች በዚሁ መስመር ይመላለሳሉ። ከሮድስ ሲሚ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከሮድስ ኮስ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል። ከኮስ ፍጥሞም እንዲሁ ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ነው። ከሮድስ ፍጥሞ ግን አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ «ሮድስ አርፈን አንድ ቀን ፍጥሞን ደርሰን እንመጣለን» የሚለው ዕቅድ ወረቀት ላይ ነው የሚያምረው። ሐዋርያው ጳውሎስም በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 21 በዚህ በኩል ሲያልፍ ኮስ ደርሶ በማግሥቱ ነው ሮድስ የገባው።

በሐምሌና በነሐሴ ከሰሜን የሚነፍስ ሜልቴሚ የሚባል ነፋስ አለ። አንዳንዴ ለቀናት አይበርድም። ሲበረታ መጀመሪያ የሚቀሩት ካታማራኖቹ ናቸው፤ ከአቴንስ ወደብ ከፒሬየስ የሚነሡት ትልልቅ መርከቦች የተሻለ ይችሉታል። ለባሕር ጉዞ ሆዱ የማይችል ሰው ካላችሁ ትልቁን መርከብ ምረጡ፤ ዋጋውም አብዛኛውን ጊዜ ረከስ ይላል። ከፒሬየስ ፍጥሞ ሰባት ስምንት ሰዓት ነው። ሮድስ ግን መርከቡ በሚቆምባቸው ወደቦች ብዛት ከ12 እስከ 18 ሰዓት ይሄዳል።

የቲኬቱን ቀን ሁለቴ እዩ። ብዙ መርከብ ፍጥሞን የሚነካው በእኩለ ሌሊት አካባቢ ነው። ቲኬቱ ላይ 00:30 ተብሎ የተጻፈ ጉዞ በፈረንጅ አቆጣጠር የአዲሱ ቀን መጀመሪያ ነው። በእኛ ልማድ «ማታ» ብለን አንድ ቀን አሳልፈን ወደብ መምጣት በጣም ቀላል ነው።

ሮድስ ወይስ ኮስ?

እውነተኛው ምርጫ ያለው እነዚህ ሁለቱ ላይ ነው። ሁለቱም ከብዙ የአውሮፓ ከተሞች ቀጥታ በረራ ያላቸው ናቸውና አብዛኛው ሰው ከአንዳቸው ይጀምራል።

ሮድስ ትልቅ ነው፣ ወደ 1,400 ካሬ ኪሎ ሜትር። አንድ ሳምንት ሙሉ ሌላ ደሴት ሳያምራችሁ ታሳልፉበታላችሁ። በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ ከ1309 እስከ 1522 (በፈረንጅ አቆጣጠር፤ «ዓ.ም.» ካላልኩ ሌሎቹም ዓመታት በዚያው ናቸው) ድረስ የቅዱስ ዮሐንስ ባላባቶች የሚባሉት የመስቀል ጦረኞች መቀመጫ ነበር። ከ1988 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሙዚየም ብቻ አይደለም፤ ልብስ ታጥቦ ተሰጥቶ፣ ልጅ ኳስ ሲጫወት ታያላችሁ። በግንቡ ውስጥ ማደር ደስ ይላል፣ ግን መኪና አይገባም፣ መንገዱም ጠጠር የተነጠፈበት ነው። ጎማ ያለው ከባድ ሻንጣ ይዛችሁ ከሆነ ከግንቡ ውጭ በአዲሱ ከተማ እደሩና በእግር ግቡ።

ሮድስ ላይ ሆቴል ስትይዙ የዳርቻውን አቅጣጫ እዩ። የምሥራቁ ባሕር ጸጥ ያለና አሸዋማ ነው፤ ፋሊራኪ፣ ጻምቢካና ሊንዶስ በዚህ በኩል ናቸው። የምዕራቡ ነፋሻና ጠጠራማ ነው፣ ኤርፖርቱም በዚያው ነው። «ርካሽ አገኘን» ብላችሁ ኢክሲያ ወይም ያሊሶስ የያዛችሁ ቤተሰቦች፣ ልጆቹ ማዕበሉን ፈርተው ቀኑን ሙሉ የሆቴሉ ገንዳ ውስጥ ቢውሉ አይግረማችሁ። በአንጻሩ ዊንድሰርፍ ለሚወድ ምዕራቡና በደቡብ ጫፍ ያለው ፕራሶኒሲ ገነት ነው። ሊንዶስ ከከተማው ወደ 50 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ አውቶቡስ አለ። ኮረብታው አናት ላይ ወዳለው ጥንታዊ ምሽግ፣ ወደ አክሮፖሊሱ፣ ለመውጣት ማለዳ ሂዱ፤ ከቀትር በኋላ ጥላ የሌለው ድንጋይ ላይ ፀሐዩ አናት ይበሳል።

በእስራኤል ለምትኖሩ ሮድስ በአውሮፕላን ከሁለት ሰዓት በታች ነው። አሮጌው ከተማ ውስጥ በ1577 የተሠራው ካሃል ሻሎም አለ፤ በግሪክ አሁንም ከሚያገለግሉት ምኩራቦች ሁሉ አንጋፋው ነው። የሮድስ አይሁድ በሐምሌ 1944 ወደ አውሽዊትዝ ተግዘዋል። ቅርብ ያለው አደባባይ ላይ መታሰቢያቸው ቆሟል።

ኮስ ያንሳል፣ ከ300 ካሬ ኪሎ ሜትር በታች ነው። ሰሜናዊው በኩል ሜዳ ነው፤ ስለዚህ ሰው በብስክሌት ይሄዳል። ቲጋኪና ማርማሪ ላይ ባሕሩ ረጅም ርቀት ጥልቀት የለውም፤ ትንንሽ ልጆች ላሏችሁ ከሮድስ እመርጠዋለሁ። ከከተማው አራት ኪሎ ሜትር ላይ አስክሌፒዮን የሚባል፣ የጥንት ግሪኮች ሕመምተኛ ያክሙበት የነበረ ቤተ መቅደስ አለ፤ የሂፖክራተስ አገር እዚህ ነው፣ ሐኪሞች የሚምሉት መሐላ በስሙ የሚጠራው ሰውዬ። በከተማው መሐል «ሂፖክራተስ ከሥሩ ያስተምር ነበር» የሚባል ዛፍ ያሳዩዋችኋል። ዛፉ ዕድሜ ጠገብ ነው፣ ግን ያን ያህል አይሆንም፤ ፎቶ አንሥታችሁ እለፉ።

የኮስ ትልቁ ጥቅም መሐል ላይ መሆኑ ነው። ከማስቲካሪ ወደብ ካሊምኖስ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ከካርዳሜና ወደ ኒሲሮስ ጀልባ አለ፤ እዚያ የእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ወርዳችሁ በእግራችሁ ትቆማላችሁ፣ ድኝ ይሸታል፣ መሬቱ ይሞቃል። ኤርታሌን ያየ ሰው ላይደነቅ ይችላል፤ ልጆች ግን አይረሱትም። ወደ ሰሜን ፍጥሞ አለች።

ስለዚህ አንድ ደሴት ላይ ተቀምጦ ታሪክም፣ ገበያም፣ የማታ ጭፈራም ለሚፈልግ ሮድስ ይሻላል። ባሕር ዳር ዘና ብሎ በመሐል በመሐሉ ሌላ ደሴት ማየት ለሚፈልግ ኮስ። ፍጥሞ የጉዞው ዋና ምክንያት ከሆነች ያለ ጥርጥር ኮስ።

ፍጥሞ የአንድ ቀን ጉዞ አይደለችም

በግሪክኛ ፓትሞስ ነው የምትባለው፤ ቲኬት ስትፈልጉ በዚያ ስም ፈልጉ። ኤርፖርት የላትም። 34 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ናት። ታች ስካላ የሚባለው ወደብ፣ ላይ ኮራ የሚባለው መንደር፣ በሁለቱ መካከል ደግሞ ዮሐንስ ራእዩን ያየበት የሚባለው ዋሻ። ላይኛው መንደር አናት ላይ እንደ ምሽግ የቆመው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም በ1088 ነው የተመሠረተው። መንደሩ፣ ገዳሙና ዋሻው በ1999 በዩኔስኮ ተመዝግበዋል።

ከኮስ በቀን ደርሶ መልስ የሚያደርጉ አሉ። ችግሩ ጀልባው የሚያደርሳችሁ ሰዓት ነው። ትልልቆቹ የሽርሽር መርከቦች ሰዉን የሚያራግፉትም በዚያው ሰዓት ስለሆነ ዋሻው ይጨናነቃል። መጸለይ የሚፈልግ ሰው ከኋላው ሰልፍ ይጠብቀዋል። ስካላ ላይ ሁለት ሌሊት ካደራችሁ ግን ማለዳ መርከቦቹ ሳይደርሱ ትወጣላችሁ፤ ከአውቶቡስና ከታክሲ ሌላ አሮጌው የእግር መንገድም አለ። ከሰዓት በኋላ ገዳማቱ የሚዘጉባቸው ቀናት ስላሉ ሰዓቱን ሆቴላችሁን ጠይቁ።

ለእኛ ሰዎች ሁለት ሦስት ነገር ልጨምር። ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግዴታ ነው፤ ሴቶች ነጠላ ይዛችሁ ከሄዳችሁ በር ላይ የሚሰጠውን ጨርቅ አትለምኑም። ጫማ አይወለቅም። ሻማ ማብራት፣ ሥዕል መሳለም፣ ቅዳሴ ቆሞ ማስቀደስ ማንም አይከለክላችሁም። ቁርባን ግን ሌላ ነው፤ ከ451ዱ የኬልቄዶን ጉባኤ ወዲህ በቤተ ክርስቲያናችንና በግሪክ ቤተ ክርስቲያን መካከል የቁርባን አንድነት የለም።

የበዓላቱ ነገር ደግሞ ደስ ይላል። የግሪኮች ፋሲካ ከእኛ ጋር በአንድ ቀን ይውላል። ለምሳሌ የ2019 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 24 ነው፤ እነሱም ያን ቀን፣ ሜይ 2 ቀን 2027 ብለው ያከብራሉ። በጸሎተ ሐሙስ ፍጥሞ ላይ የገዳሙ አበምኔት የአሥራ ሁለት መነኮሳትን እግር በአደባባይ ያጥባል፤ ኒፕቲራስ ይሉታል። ይህን ለማየት ከመላው ግሪክ ሰው ይመጣል፣ ስለዚህ ማደሪያ ወራት ቀድሞ ነው የሚያዘው። በሰሙነ ሕማማት ባሕሩ ለዋና ገና ቀዝቃዛ ነው። ለዋና ብላችሁ ከሆነ ያን ጊዜ አትምጡ።

ሲሚና የቅዱስ ሚካኤል ገዳም

ሲሚ የሮድስ ጎረቤት ናት። ጀልባው ወደቡ ሲገባ ከባሕሩ ጀምሮ ተራራው ድረስ በቢጫ፣ በብርቱካንና በሰማያዊ የተቀቡ ቤቶች ተደራርበው ይታያሉ። ቤቶቹ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የስፖንጅ ጠላቂዎችና የመርከብ ሠሪዎች ሀብት ናቸው። እውነቱን ለመናገር ከዚህ የሚበልጥ የወደብ ውበት በዶዴካኔዝ የለም። ከወደቡ ወደ ላይኛው መንደር የሚወስደው ደረጃ ግን ወደ 500 የሚጠጋ እርከን አለው። ጋሪ የሚገፋ ወላጅና ጉልበት የሚያመው ሰው በደርሶ መልስ ይበቃዋል። ለሁለት የሚመጡ ባለትዳሮች ደግሞ ቢያድሩባት ይሻላል፤ ከሰዓት በኋላ ጎብኚው ተጭኖ ሲመለስ ወደቡ ይረጋጋል።

በደሴቲቱ ደቡብ ፓኖርሚቲስ የሚባል የቅዱስ ሚካኤል ገዳም አለ። ብዙ የሮድስ ደርሶ መልስ ጀልባ እዚያም ይቆማል፤ ቲኬት ስትቆርጡ ጠይቁ። ምእመናን ለስእለት ከሚያመጡት ነገር አንዱ መጥረጊያ ነው። ገዳሙ በዓሉን የሚያከብረው ኖቬምበር 8 ነው። በድሮው አቆጣጠር ይህ ቀን የእኛ ኅዳር 12 ነው፤ ግሪኮች አዲሱን አቆጣጠር ስለተከተሉ በ13 ቀን ይቀድሙናል። ለበዓሉ መሄድ ለሚፈልግ ያን ጊዜ ጀልባው ጥቂት ነው፣ አብዛኛው ምግብ ቤትም ዘግቷል።

ሌሮስ፣ እና የጣልያን ነገር

ጣልያን እነዚህን ደሴቶች ከኦቶማን ቱርክ የወሰደችው በ1912 ነው። በ1930ዎቹ ሌሮስ ላይ ለባሕር ኃይሏ ላኪ የሚባል ከተማ ሠራች። ጎንደር ፒያሳን የሚያውቅ ሰው ላኪ ሲደርስ ፎቅ ቤቶቹ ያዩት ያዩት ይመስሉታል፤ ዘመኑም አሠሪውም አንድ ነው። ሮድስ ላይ ያለውን የባላባቶቹን ቤተ መንግሥትም ያደሱት እነሱ ናቸው፤ ለሙሶሊኒና ለቪክቶር አማኑኤል ሦስተኛ ማረፊያ እንዲሆን ታስቦ ነበር። ያው «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት» ነኝ ያለው ንጉሥ።

ደሴቶቹን ለግሪክ የሰጠው በ1947 ፓሪስ ላይ የተፈረመው የሰላም ውል ነው። በዚያው ውል ጣልያን የኢትዮጵያን ሉዓላዊነትና ነፃነት ለማክበር ፈርማለች፤ የወሰደቻቸውን ቅርሶችም በ18 ወር ውስጥ እመልሳለሁ ብላ ነበር። የአክሱም ሐውልት የመጣው በ2005 ነው!

ለዚህ ታሪክ ግድ ካላችሁ ሌሮስን አንድ ሌሊት ስጧት። ካልሆነ ግን ለአጭር ዕረፍት የምትመረጥ አይደለችም።

ሌሎቹን ባጭሩ፦ ካሊምኖስ ገደል መውጣት ለሚወዱ በዓለም የታወቀ ነው፣ ለዋናተኛ ግን ኮስ ይበልጣል። ካርፓቶስ ባሕሩ ድንቅ ነው፣ ነፋሱም እንዲሁ፤ ከዋናው የካታማራን መስመር ውጭ ስለሆነ ለብቻው የሚታቀድ ነው። ቲሎስ ለእግር ጉዞና ለጸጥታ። ካስቴሎሪዞ በጣም ሩቅ ነው፣ ቱርክን በድንጋይ ውርወራ የምታዩበት፤ ለመጀመሪያ ጉዞ አልመክረውም።

ቪዛው ምርጫችሁን ሊያበላሽ ይችላል

በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትሄዱ ከሆነ የሼንገን ቪዛ ያስፈልጋችኋል። የገልፍ አገር ኢቃማም ሆነ የአሜሪካ ግሪን ካርድ አይተካውም። ማመልከቻው በሕጋዊነት በምትኖሩበት አገር ነው የሚቀርበው፣ ከጉዞው ስድስት ወር ቀድሞ ጀምሮ። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የጤና ኢንሹራንስም ይጠየቃል። የማደሪያ ማስረጃ ስለሚታይ ማደሪያ መምረጡ ከቪዛው የሚቀድመው ለዚህም ነው።

ከኮስ ቦድሩም፣ ከሮድስ ማርማሪስ ቱርክ በጀልባ ቅርብ ናቸው፤ ወደብ ላይ «የአንድ ቀን ቱርክ» የሚል ማስታወቂያ ሞልቷል። ቪዛችሁ ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ ከሆነ አትሞክሩት። ከግሪክ መውጣታችሁ ድንበር ላይ ከተመዘገበ በኋላ መመለሻ የላችሁም፤ ሻንጣችሁ ሆቴል፣ እናንተ ቦድሩም። ቱርክም የራሷን ቪዛ ትጠይቃለች።

ሌላም ልንገራችሁ። ኮስና ሌሮስ የስደተኞች መቀበያ ማዕከል ያለባቸው ደሴቶች ናቸው። ጥቁር ሰው ወደብ ላይ ወረቀት ሊጠየቅ ይችላል። ደስ አይልም፣ ግን ፓስፖርታችሁን ሆቴል ትታችሁ ጀልባ ላይ አትውጡ።

መቼ፣ በምን ያህል፣ ምን እየተበላ

የእኛ ክረምት የእነሱ የሙቀት ወቅት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሙቀቱም፣ ነፋሱም፣ ዋጋውም ጣሪያ ይነካል። ኦገስት 15፣ ማለትም ነሐሴ 9፣ የግሪኮች የእመቤታችን በዓል ነው፤ በዚያ ሰሞን የአገሬው ሰው ራሱ ስለሚጓዝ መርከብ ላይ ቦታ ይጠፋል። ለመምረጥ ነፃነት ያለው ሰው በመስከረም ይሂድ። ባሕሩ እንደሞቀ ነው፣ ሰዉ ግን ቀንሷል። በሐምሌ 2023 በደቡብ ምሥራቅ ሮድስ በተነሣው ሰደድ እሳት ወደ 19,000 ሰው ከቤትና ከሆቴል እንዲወጣ ተደርጓል። ስለዚህ በሙቀቱ ወር ስልካችሁ ላይ ከ112 የሚመጣ መልእክት ካያችሁ ችላ አትበሉት።

የሆቴል ዋጋ ስታወዳድሩ ኢንተርኔት ላይ ያለው ብዙ ጊዜ የመጨረሻው አይደለም። ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር ለአየር ንብረት የሚባል ክፍያ በክፍል በየሌሊቱ ይጨመራል፤ በ2025 በወጣው ተመን ለባለ ሦስት ኮከብ 5 ዩሮ፣ ለአራት 10፣ ለአምስት 15 ነው። አምስት ኮከብ ሳምንት ካደራችሁ ከመቶ ዩሮ በላይ ማለት ነው።

ምግብ ላይ ጾመኛ አይቸገርም። «ኒስቲሲሞ» ካላችሁ የጾም መሆኑ ይገባቸዋል። ግን የእነሱ ጾም ኦክቶፐስና ሽሪምፕ ይፈቅዳል፤ ያ ካልሆነላችሁ የሽምብራ ወጥ፣ ፋቫ የሚባለውን የአተር ክክ፣ በወይን ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ እዘዙ፤ ጥቅልሉ ሥጋ ያለውም ስላለ ጠይቁ። ለሙስሊሞች ኮስ አጠገብ ፕላታኒ የሚባል መንደር አለ፤ የቱርክ ተወላጆች የሚኖሩበት ነው፣ ምግብ ቤቶቹም በሥጋ ጥብሳቸው ይታወቃሉ።

ለእኔ የሚስማማኝ አካሄድ

አንድ ሳምንት ብቻ ካላችሁ ከሁለቱ አንዱን ያዙ። ሮድስን ከመረጣችሁ ሙሉውን እዚያው እደሩና አንድ ቀን ለሲሚ፣ አንድ ቀን ለሊንዶስ ስጡ። ፍጥሞ ከሆነች ሐሳባችሁ ወደ ኮስ ብረሩ፣ በማግሥቱ ወደ ፍጥሞ ውጡ፣ ሁለት ወይም ሦስት ሌሊት ቆዩ፣ የቀረውን ኮስ ባሕር ዳር ጨርሱ። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት። ፍጥሞን መጨረሻ ላይ ካደረጋችሁና ሜልቴሚ ከተነሣ አውሮፕላኑ እናንተን ሳይጠብቅ ይሄዳል። አሥር ቀንና ከዚያ በላይ ላለው ከሮድስ ገብቶ ከኮስ መውጣት ይቻላል፤ የደርሶ መልስ በረራ ከመቁረጣችሁ በፊት በአንዱ ገብቶ በሌላው የመውጣቱን ዋጋም እዩ። በየትኛውም መንገድ ብትሄዱ የመጨረሻዋን ሌሊት ኤርፖርቱ ባለበት ደሴት እደሩ።